ሳንቲም ለመመርመርና ፎቶ ለማንሳት የሚሆን ማይክሮስኮፕ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሳንቲም ለሰብሳቢ ሁለት ነገር ነው፤ ለማይክሮስኮፕ ሰፊ ነው፣ ለመብራት ደግሞ መስታወት ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ይመነጫሉ። ምሳሌዎቹን በአብዛኛው የወሰድነው በብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ሣጥን ውስጥ ከሚገኙት ከጠገራ ብር፣ ማለትም ከማርያ ትሬዛ ብር፣ እና ከምኒልክ ብር፣ እንዲሁም አሜሪካ ያሉ ሰብሳቢዎች በየቀኑ ከሚይዟቸው ሳንቲሞች ነው።

ስንት እጥፍ የሚያጎላ ልግዛ?

ከ5 እስከ 40 እጥፍ ይበቃል። አብዛኛው ሥራ የሚያልቀው ደግሞ ከ7 እስከ 20 ባለው ውስጥ ነው። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ካርቶኑ ላይ 1000 ወይም 1600 የሚል ቁጥር ሲያይ የተሻለ ዕቃ ያገኘ ይመስለዋል። ሳንቲም ላይ የሚፈለገው ግን የፊደል ጠርዝ፣ የማተሚያው ስንጥቅ፣ የጽዳት ጭረት፣ ተለጥፎ የተጨመረ ፊደል ነው። እነዚህ በ10 እጥፍ ይታያሉ፣ በ20 እጥፍ ይረጋገጣሉ። 40 ላይ ሲደርሱ አንድ ሁለት ፊደል ብቻ ይቀርዎታል፤ ዙሪያው ስለማይታይ ያዩት ጭረት ሳንቲሙን ሁሉ ያዳረሰ ይሁን እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ያለ መለየት ያስቸግራል።

ከማጉያው ቁጥር ይልቅ የእይታውን ስፋት ያስሉ። የተለመደው ስቴሪዮ፣ ማለትም በሁለት ዓይን የሚታይበት፣ ማይክሮስኮፕ የታችኛው ሌንሱ ከ0.7 እስከ 4.5 ዙም ያደርጋል፣ የዓይን ሌንሱ 10 እጥፍ ነው፤ ሲባዛ ከ7 እስከ 45 እጥፍ ይሆናል። በዓይን ሌንሱ ላይ የሚጻፈው የእይታ ቁጥር ብዙ ጊዜ 20 ነው። 20ን ለ0.7 ሲያካፍሉ 28.6 ሚሊሜትር ይመጣል፤ በዝቅተኛው ዙም የሚያዩት ክብ ይህን ያህል ነው። የአሜሪካ ሩብ ዶላር 24.3 ሚሊሜትር ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ይገባል። ጠገራ ብር ግን 39.5 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ አይገባም። በከፍተኛው ዙም ክቡ 4.4 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል።

መፍትሔው ከታች የሚጠመዝ 0.5 እጥፍ ተጨማሪ ሌንስ ነው። ማጉላቱን በግማሽ ቀንሶ ከ3.5 እስከ 22.5 ያደርገዋል፤ የእይታውን ክብ ወደ 57 ሚሊሜትር ያሰፋል። ጠገራ ብሩ ከነዙሪያው ይታያል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ በሌንሱና በሳንቲሙ መካከል ያለው ክፍተት ይጨምራል። ይህ ክፍተት ለምን ወሳኝ እንደሆነ መብራት ላይ ስንደርስ ይገለጻል። ለሳንቲም ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ገዝቶ ይህን ሌንስ መተው ገንዘብ ማባከን ነው።

«1000 እጥፍ» የሚለው ርካሽ የዩኤስቢ ማይክሮስኮፕስ?

ቁጥሩ የስክሪን ስፋት ጨዋታ ነው። ምስሉ ትልቅ ስክሪን ላይ ሲዘረጋ «ማጉላቱ» ይጨምራል፤ የሚታየው ዝርዝር ግን አይጨምርም። ራስዎ መፈተሽ ይችላሉ። ሚሊሜትር ያለው የብረት ማስመሪያ ከሌንሱ ሥር ያስቀምጡና ከስክሪኑ ግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ ስንት ሚሊሜትር እንደሚታይ ይቁጠሩ። ስክሪኑ 530 ሚሊሜትር ስፋት ኖሮት ከማስመሪያው 10 ሚሊሜትር ከታየ፣ ያለዎት 53 እጥፍ ነው። 1000 እጥፍ ለመባል ስክሪኑን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የሚሞላው ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ መሆን ነበረበት።

የካሜራው ፒክስል ቁጥርም እንዲሁ ይነፋል። 12 ሜጋፒክስል ተብሎ የሚሸጠው ውስጡ ያለው ሴንሰር ብዙ ጊዜ 2 ሜጋፒክስል ነው፤ የቀረውን ፕሮግራሙ በግምት ይሞላዋል። የዕቃው ዝርዝር መግለጫ ውስጥ የሴንሰሩን ትክክለኛ መጠን ይፈልጉ፤ ካልተጻፈ ትንሹ ነው ብለው ይያዙ።

እንዲህም ሆኖ እነዚህ መሣሪያዎች ዋጋ የላቸውም ማለት አይደለም። ፔኒ በፔኒ እያገላበጡ ስህተት ለመፈለግ፣ ለገዢ ፈጣን ምስል ለመላክ ይበቃሉ። ዋናው እንከናቸው ማቆሚያው ነው፤ ፕላስቲኩ ይወዛወዛል፣ ጠረጴዛው ሲነካ ምስሉ ይዘላል። ሁለተኛው አደጋ ከፍ ባለ ማጉላት ጊዜ የመሣሪያው አፍ ከሳንቲሙ ጋር ሊነካካ መቅረቡ ነው። ያ የፕላስቲክ አፍ ጫፉ ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከያዘ በሚያብረቀርቅ ሳንቲም ላይ የሚተወው ጭረት ዕድሜ ልክ ይኖራል።

ስክሪን የተገጠመላቸውና በብረት ማቆሚያ ላይ የሚቆሙት ዲጂታል ማይክሮስኮፖች፣ ለምሳሌ አንዶንስታር የሚሠራቸው ዓይነቶች፣ ከዚህ አንድ ደረጃ ይሻላሉ። ዳይኖ ላይት በምስል ጥራት ከነዚህ ይበልጣል፤ በዋጋም ይበልጣል። ሁሉም ግን የሚያሳዩት ጠፍጣፋ ምስል ነው። በሁለት ዓይን የሚታየውን የከፍታ ልዩነት የሚሰጠው ስቴሪዮ ብቻ ነው።

የባዮሎጂ ማይክሮስኮፕ አለኝ፤ ይሆናል?

አይሆንም። መብራቱ ከሥር ስለሚመጣ ሳንቲሙ ጥላ ብቻ ሆኖ ይታያል። ዝቅተኛው ማጉላቱ 40 እጥፍ ነው፣ የሚያየውም 4.5 ሚሊሜትር ያህል ነው። ከፍ ያሉት ሌንሶች ደግሞ ብረቱን ሊነኩት ይችላሉ።

መጀመሪያ የእጅ አጉሊ መነጽር ብገዛስ?

አዎ፣ ከማንኛውም ማይክሮስኮፕ በፊት። ሦስት ሌንስ ተደራርቦ የተሠራ፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ፣ 18 ወይም 21 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የወርቅ ሠሪ ሉፕ ይግዙ። «30 እጥፍ» የሚሉትን ርካሾች ይተዉ፤ ጠርዛቸው ይደበዝዛል፣ ለብርሃንም ቦታ አይሰጡም። መነጽሩን ከዓይን ጋር አስጠግተው ሳንቲሙን ወደ መነጽሩ ያምጡ። በሉፕ ጥርጣሬ ያልፈጠረ ሳንቲም ብዙ ጊዜ ማይክሮስኮፕ አያስፈልገውም።

ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ስመርጥ የትኛውን ክፍል ልመልከት?

ማቆሚያውን አስቀድሙ። ክንድ ያለው ማቆሚያ የማይክሮስኮፑን ጭንቅላት፣ ማለትም ሌንሶቹ ያሉበትን ክፍል፣ ከጠረጴዛው ከፍ አድርጎ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ በሥሩ መብራት፣ የሳንቲም ትሪ፣ ሰርተፍኬት ያለው ሳንቲም የታሸገበት ፕላስቲክ ሣጥን ሁሉ ይገባል። በአንድ ምሰሶ ላይ ብቻ የሚወጣና የሚወርደው ማቆሚያ ርካሽና የማይንቀጠቀጥ ነው፤ ለነጠላ ሳንቲም ፎቶ እንዲያውም ይሻላል። ለሁለቱም የተለመደው የጭንቅላቱ መያዣ ቀለበት 76 ሚሊሜትር ነው። ጭንቅላቱንና ማቆሚያውን ለየብቻ ከገዙ ይህ ቁጥር መግጠሙን ያረጋግጡ።

ቀጥሎ ካሜራ የሚገጠምበት ሦስተኛ ቱቦ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሞዴል ላይ ካሜራው ሲከፈት የግራ ዓይን ይጨልማል፤ ሌሎች ብርሃኑን አካፍለው ለሦስቱም ይሰጣሉ። ፎቶ እያነሱ በዓይንም ማየት ከፈለጉ ሁለተኛውን ይምረጡ። መጀመሪያ ባለ ሁለት ዓይን ገዝቶ ኋላ ላይ ካሜራ እጨምራለሁ ማለት አያዋጣም፤ ሦስተኛው ቱቦ በኋላ የሚቀጠል ነገር አይደለም።

ዓይንና ካሜራ በአንድ ጊዜ ጥርት እንዲሉ ማስተካከያ አለው፤ ብዙዎች ይህን ሳያደርጉ «ካሜራው አይረባም» ይላሉ። ዙሙን እስከ መጨረሻው ያጉሉ። በዓይን እያዩ ፎከሱን ጥርት ያድርጉ። ከዚያ ፎከሱን ሳይነኩ የካሜራውን አስማሚ ቱቦ እያሽከረከሩ ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል ጥርት እስኪል ያስተካክሉ። አሁን ዙሙን ሲቀንሱ ሁለቱም አብረው ይቆያሉ። በዝቅተኛ ዙም ጀምሮ ማስተካከል ግን ያሳስታል፤ እዚያ ላይ ትንሽ ስህተት አትታይም፣ ሲያጎሉት ግን ይደበዝዛል።

ሙሉውን ሳንቲም በማይክሮስኮፕ ፎቶ ማንሳት እችላለሁ?

ለትንንሽ ሳንቲም አዎ፣ ለትልልቁ ያስቸግራል። ዓይን የሚያየውን ስፋት ካሜራ አያይም። 7.2 በ5.4 ሚሊሜትር የሆነ ሴንሰር ያለው የማይክሮስኮፕ ካሜራ እንውሰድ። የታችኛው ሌንስ 0.7፣ ተጨማሪው ሌንስ 0.5፣ የካሜራው መቀነሻ ሌንስ 0.5 ነው። ሲባዛ 0.175 ይሆናል። 7.2ን ለ0.175 ሲያካፍሉ 41 ሚሊሜትር ወርድ፣ 5.4ን ሲያካፍሉ 31 ሚሊሜትር ቁመት ያገኛሉ። ጠገራ ብር በወርዱ ይገባል፣ በቁመቱ ከላይና ከታች ይቆረጣል። የሩብ ዶላር ሳንቲም ግን ዙሪያው ተርፎት ይገባል።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት መክፈል ይሻላል፤ ሙሉ ሳንቲሙ በካሜራና በማክሮ ሌንስ፣ ዝርዝሩ በማይክሮስኮፕ። አነስተኛ ሴንሰር ያላቸው ተራ ካሜራዎች የሴንሰራቸው ቁመት 15.6 ሚሊሜትር ያህል ነው። 40 ሚሊሜትር ሳንቲም እዚያ ላይ ለማሳረፍ 0.39 እጥፍ ብቻ ያስፈልጋል። ማንኛውም አንድ ለአንድ የሚያነሳ ማክሮ ሌንስ ይህን ያለምንም ችግር ያደርገዋል። 90 ወይም 100 ሚሊሜትር የሆነውን ይምረጡ፤ ከአጭሩ ይልቅ ከሳንቲሙ ርቆ ስለሚቆም ለመብራት ቦታ ይተዋል። ሙሉ ምስሉን ይዘው፣ ከጎኑ የማይክሮስኮፑን ሁለት ሦስት ዝርዝር ቢያቀርቡ ገዢውም መርማሪውም የሚፈልገው ያ ነው።

ስልኬን በዓይን ሌንሱ ላይ ባስጠጋስ?

ይሠራል፣ ለማስታወሻ ያህል። በእጅ ይዞ ማንሳት ግን ጥቁር ክብ እያመጣ ያማርራል፤ ስልኩን አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ ይግዙ። የስልኩን ዋና ሌንስ ይጠቀሙ። ከአንድ በላይ ሌንስ ያለው ስልክ በቅርብ ርቀት በራሱ ወደ ሰፊው ሌንስ ይዘላል፤ ይህን አማራጭ ከካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ያጥፉት። ብርሃንና ፎከስ ስክሪኑን በጣት ጫን አድርገው ይቆልፉ።

ፎቶው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይታያል፤ የሳንቲሙ ቀለምም አይወጣም። ምን ላድርግ?

ጥፋቱ የሌንሱ ዙሪያ ላይ ያለው የቀለበት መብራት ነው። እንደ ሳንቲም ያለ አንጸባራቂ ብረት የእያንዳንዱን አምፖል ምስል መልሶ ይሰጥዎታል፤ 60 አምፖል ካለ 60 ነጭ ነጥብ ይታያል። ከዚያም በላይ ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚወርድ ጥላ ይጠፋል፤ ጥላ ከሌለ የፊደሉ ከፍታ አይታይም። ቀለበቱ የሚያገለግለው ለመረጣ ብቻ ነው።

ለምርመራ ሁለት ትናንሽ፣ አንገታቸው የሚጠማዘዝ ኤልኢዲ መብራቶች ይግዙ። ሳንቲሙን እንደ ሰዓት ካሰቡት አንዱን በ10 ቁጥር፣ አንዱን በ2 ቁጥር አቅጣጫ ያቁሙ። ከፍ አድርገው ሲያስቀምጡት የብረቱ ወዘና ይወጣል፤ ዝቅ ሲያደርጉት ጭረትና የደከመ ጽሑፍ ይጎላል። ሳንቲሙን ቀስ እያሉ ያሽከርክሩ፤ ያልጸዳ አዲስ ሳንቲም ላይ ብርሃኑ እንደ ጋሪ ጎማ እየዞረ ይሄዳል። ተፈግፍጎ የጸዳው ላይ ይህ መዞር የለም፤ ብርሃኑ አንድ ቦታ ይቆማል ወይም በቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ይበታተናል። ይህን አንዴ በዓይንዎ ካዩ ለሁልጊዜ አይጠፋብዎትም።

ብርሃኑ አሁንም ከበረታ ማለስለሻ ያስፈልጋል። ነጭ የፕላስቲክ ወተት ጠርሙስ ወይም የንድፍ ወረቀት ቆርጠው በመብራቱና በሳንቲሙ መካከል ያቁሙ፤ ሳንቲሙን አያስነኩት። እዚህ ላይ ነው በሌንሱና በሳንቲሙ መካከል ያለው ክፍተት ዋጋውን የሚያሳየው። 10 ሴንቲሜትር ካለዎት መብራቱም ማለስለሻውም ይገባሉ፤ 2 ሴንቲሜትር ከሆነ ምንም አይገባም፣ ሌንሱ ራሱ ጥላ ይጥላል።

ፕሩፍ ለሚባሉት፣ ለሰብሳቢ ተብለው እንደ መስታወት አብረቅራቂ ሆነው ለተመቱ ሳንቲሞችና ቀለም ላወጡ ብሮች ሌላ ዘዴ አለ። ቀጭንና ንጹሕ መስታወት በሌንሱና በሳንቲሙ መካከል በ45 ዲግሪ ያጋድሙ፤ መብራቱን ከጎን አግድም ወደ መስታወቱ ያድርጉ። መስታወቱ ከብርሃኑ ጥቂቱን ቀጥታ ወደ ታች ይልከዋል፣ ሳንቲሙ ወደ ላይ ይመልሰዋል፣ ካሜራውም በመስታወቱ ውስጥ አልፎ ያየዋል። የሳንቲሙ ሜዳ በሙሉ ይበራል፤ የብሩ ሰማያዊና ወርቃማ የጊዜ ቀለም እንዳለ ይወጣል። ከመብራቱ ተቃራኒ ባለው ጎን ጥቁር ወረቀት ያቁሙ፤ ካልሆነ የክፍሉ ግድግዳ በምስሉ ውስጥ ይንሳፈፋል።

ሁለቱም አምፖሎች አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አንዱ ቢጫ ሌላው ነጭ ከሆነ ምንም ማስተካከያ አያድነውም። ወደ 5000 ኬልቪን የሚጠጋ፣ የቀለም ታማኝነት ቁጥሩ ከ90 በላይ የሆነ ይምረጡ። በካሜራው ላይ ነጭ ሚዛኑን በራስ ሰር አይተዉት፤ ግራጫ ካርድ አስቀምጠው አንዴ ይቆልፉት። በራስ ሰር ሲሆን ካሜራው መዳብን እየተመለከተ «ቀይ በዛ» ብሎ ያደበዝዘዋል።

ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሱ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ።

የኤሌክትሪኩ ምት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ የካሜራውን የመክፈቻ ጊዜ በ1/50 ወይም በ1/100 ሰከንድ ያድርጉት። አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው፤ እዚያ 1/60 ወይም 1/120። በባትሪ ወይም በዩኤስቢ የሚሠራ መብራት ብዙውን ጊዜ ይህ ችግር የለበትም፤ መብራት በሚቋረጥበት ቦታም ሥራ አያቋርጥም። ከአሜሪካ ለቤተሰብ የሚላክ ማይክሮስኮፕ ካለ በቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉን ይመልከቱ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል።

የሳንቲሙ አንድ ጎን ጥርት ብሎ ሌላው ለምን ይደበዝዛል?

ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ውስጥ ሁለቱ ቱቦዎች እንደ ሁለት ዓይን ተዘምመው ነው የሚያዩት፤ በብዙዎቹ እያንዳንዱ ከቀጥታው 6 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል። ካሜራው የሚያየው በአንዱ ብቻ ነው። 28 ሚሊሜትር ስፋት ላይ 6 ዲግሪ ማለት አንዱ ጠርዝ ከሌላው 3 ሚሊሜትር ያህል ርቆ ይታያል ማለት ነው። ዓይንዎ ሁለቱን ምስል አዋህዶ ይታገሠዋል፤ ካሜራው አይታገሥም። ፎቶ ሲያነሱ ሳንቲሙን ከአንድ ጎኑ በጥቂት ካርዶች ከፍ ያድርጉት። የቀኝና የግራ ጠርዝ እኩል እስኪጠራ ካርድ እየጨመሩ ይሞክሩና ቁጥሩን ጽፈው ይያዙ፤ ለቀጣዩ ሳንቲም ያገለግላል።

በከፍተኛ ማጉላት ደግሞ የፊደሉ አናት ሲጠራ ሥሩ ይደበዝዛል። ያኔ ፎከሱን ጥቂት በጥቂቱ እያወረዱ ከ5 እስከ 15 ፎቶ ያንሱና እንደ ሄሊኮን ፎከስ ወይም ዜሪን ስታከር ባሉ ፕሮግራሞች ይደርድሯቸው። ከላይ በተባለው ዝንባሌ ምክንያት ምስሎቹ ወደ ጎን ትንሽ ይንሸራተታሉ፤ ፕሮግራሙ ላይ ማመጣጠኛውን አይዝለሉ። የመክፈቻ ቁልፉን በጣት አይጫኑ፤ የ2 ሰከንድ ቆጣሪ ወይም ኮምፒውተሩን ይጠቀሙ።

ጠገራ ብር ላይ ምን ልመርምር?

ማርያ ትሬዛ ብር ላይ የተጻፈው ዓመት ሁልጊዜ 1780 ነው፤ የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው ማርያ ትሬዛ ያረፈችበት ዓመት። ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይና በሌሎችም ቦታዎች በዚያው ዓመት ቁጥር ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ «የ1780 ነው» ማለት ዕድሜውን አይነግርም። የት እንደተመታ የሚለየው በጥቃቅን ልዩነት ነው፤ የንስሩ የጅራት ላባ፣ በትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥና የዕንቁዎቹ ቁጥርና አቀማመጥ። በኢትዮጵያ ገበያ ሻጩ ዕንቁዎቹን በጣቱ እየነካ ይቆጥር የነበረው የሕፃናት ጨዋታ ሆኖበት አይደለም፤ ዕንቁው የጠፋበት ብር ተበልቷል ወይም ሐሰት ነው ማለት ነበር። ዛሬም ምርመራው ከዚያው ይጀምራል። በ15 እጥፍ ሲታይ የተመታ ዕንቁ ክቡ ሙሉ፣ ሥሩ ከሜዳው ጋር ጥርት ባለ ማዕዘን የተገናኘ ነው። በፈሰሰ ብረት የተሠራው ላይ ዕንቁዎቹ እንደ ቀለጠ ሰም ተያይዘው፣ በመካከላቸው የመርፌ ቀዳዳ የመሰሉ የአየር ጉድጓዶች ቀርተው ይታያሉ።

ከምስሉ ሥር «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። ከዚያ ሳንቲሙን ያቁሙና ጠርዙን ይመርምሩ። በላቲን «ዩስቲትያ ኤት ክሌመንትያ»፣ ፍትሕና ምሕረት፣ የሚል ጽሑፍ ከፍ ብሎ ወጥቷል፤ ከፍ ያለ የጠርዝ ጽሑፍ ለአስመሳይ ከባዱ ክፍል ነው። ሐሰተኛው ላይ ጽሑፉ ጠልቆ ይቀረጻል፣ ይዛነፋል፣ ወይም በጠርዙ መሐል ዙሪያውን የሚሄድ የሁለት ግማሽ መጋጠሚያ መስመር ይታያል። ሳንቲሙን ለማቆም ሁለት የላስቲክ ማጥፊያ መሐል ይያዙት፤ ማይክሮስኮፑን ለዚህ ክንድ ያለው ማቆሚያ ላይ ማጋደም ይቀላል።

ማይክሮስኮፕ የብሩን ጥራት አይለካም። 0.01 ግራም የሚመዝን ሚዛን አጠገቡ ያስፈልጋል፤ ትክክለኛው ክብደት 28.07 ግራም ገደማ ነው፣ ከሺህ 833 ብር። ብዙ የተያዘ ሳንቲም በመበላት ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። ጌጥ ሆኖ የኖረ ከሆነም የተበየደ ቀለበት ወይም የተደፈነ ቀዳዳ ምልክት በላይኛው ጠርዝ ይፈልጉ፤ የተደፈነው ቦታ በቀለሙም በወዘናውም ይለያል።

የምኒልክ ብር ላይ ዘመኑ ደክሟል። እንዴት ላንብበው?

ዘመኑ በግዕዝ ቁጥር ነው፤ 1887 ፲፰፻፹፯፣ 1889 ፲፰፻፹፱። ፯ እና ፱ ቀጫጭኑ ጫፋቸው ሲበላ ይምታታሉ፤ ለሰብሳቢ ደግሞ ልዩነቱ ትልቅ ነው። አንድ መብራት ብቻ ያብሩ፤ ከሳንቲሙ ሜዳ ጋር 10 ዲግሪ ያህል እስኪሆን ዝቅ ያድርጉት። 10 እጥፍ ላይ ሆነው ሳንቲሙን ሩብ ዙር በሩብ ዙር ያሽከርክሩና በየዙሩ ፎቶ ያንሱ። ከአንድ አቅጣጫ ያልታየ ጫፍ ከሌላው ጥላ ይጥላል። አራቱን ጎን ለጎን ሲያዩ ቁጥሩ ይገለጣል። ማጉላቱን መጨመር እዚህ ይጎዳል፤ የደከመ ፊደል ከሩቅ ይነበባል፣ ከቅርብ ብረት ብቻ ይሆናል።

በዚያው አጋጣሚ ፓሪስ በተመቱት ላይ ትንሿን የላቲን «ኤ» ፊደልና ከጎንና ጎኗ ያሉትን ምልክቶች ይፈልጉ፤ በተቀዳ ሳንቲም ላይ መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ናቸው። አንበሳው ያነሳው የግራ ወይም የቀኝ የፊት እግር መሆኑንም ይመልከቱ፤ እንደ ዘመኑ ይለያያል፣ ከዘመኑ ጋር ካልገጠመም ጥርጣሬ ነው።

ፊደሉ ድርብ ሆኖ ይታያል። የዳይ ስህተት ነው ወይስ ተራ?

ዳይ የሚባለው ማተሚያ ብረት ራሱ ድርብ ሆኖ ከተቀረጸ ሁለቱም ምስል ክብና ሙሉ ከፍታ አላቸው፤ የፊደሉ ጫፍ እንደ እርግብ ጅራት ይሰነጠቃል፣ ፊደሉም ይወፍራል። በዓለም የታወቀው ምሳሌ የ1955 የአሜሪካ ፔኒ ነው። ከምት በኋላ ዳዩ ተንሸራቶ የፈጠረው ግን ጠፍጣፋ ደረጃ ነው፤ ከፊደሉ ጎን እንደ መደርደሪያ የተጨፈለቀ ብረት ይታያል፣ ፊደሉም እንዲያውም ይቀጥናል። ይህኛው የተለመደ ነው፣ ዋጋ አይጨምርም። በ20 እጥፍ ጠፍጣፋው ደረጃ ብርሃኑን አንድ ላይ መልሶ ያበራል፤ ክቡ አያበራም። መብራቱን ማንቀሳቀስ ብቻውን ይለያቸዋል።

ያየሁት እብጠት ይሁን ጉድጓድ አልለይ አለኝ።

ዓይን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ አድርጎ ይገምታል። ፎቶው ላይ ብርሃኑ ከታች ከሆነ እብጠቱ ጉድጓድ፣ ጉድጓዱ እብጠት ሆኖ ይታያል። ሁልጊዜ ዋናውን መብራት ከምስሉ በላይኛው በኩል ያድርጉ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የዳይ ስንጥቅ ከፍ ያለ መስመር ነው፣ ጭረት የጠለቀ መስመር ነው። አንደኛው የሳንቲሙ ታሪክ፣ ሌላው ጉዳቱ ነው።

ፎቶ ከማንሳቴ በፊት ሳንቲሙን ላጽዳው?

በምንም ዓይነት አይፈግፍጉት። ሎሚ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የብር ማጽጃ ሁሉ ወዘናውን ለዘለዓለም ይወስዳሉ። አቧራ ካለ በጎማ መንፊያ ይንፉት። በአፍ እፍ አይበሉ፤ ምራቅ ነጥብ ይተዋል። ዘይት ወይም ከፕላስቲክ ከረጢት የመጣ አረንጓዴ ዝልግልግ ካለ ንጹሕ አሴቶን ውስጥ በመስታወት ዕቃ ይዘፍዝፉት፤ አሴቶን ብረቱን አይነካም። ከእሳት ያርቁ፣ መስኮት ይክፈቱ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ንጹሕ አሴቶን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሽቶና ዘይት አለበት። ሳንቲሙን ሁልጊዜ በጠርዙ፣ ከለስላሳ ጨርቅ በላይ ይያዙት።

የአክሱም ሳንቲም መመርመር እፈልጋለሁ።

ከ10 እስከ 30 እጥፍ ይበቃል። በአንዳንድ የአክሱም ነሐስና ብር ሳንቲሞች ላይ በንጉሡ ራስ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ የወርቅ ልባጥ አለ፤ ከጭቃና ከዝገት ሥር እንደ ፀጉር ስስ ሆኖ ቀርቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሳንቲም ማጽዳት ለባለሙያ ብቻ ነው፤ በሜካኒካል ጽዳት የሚጠፋው መጀመሪያ ወርቁ ነው። ከመሬት የተገኘ ከሆነ ደግሞ የቅርስ ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የተገኘ ቅርስ ለመንግሥት ይገለጻል፣ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም።

ያገለገለ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ልግዛ?

ጥሩ ከሆነ ከአዲስ ርካሽ ይሻላል። እንደ ባውሽ ኤንድ ሎምብ ስቴሪዮዙም 4 ያሉ አሮጌ አሜሪካዊ ማሽኖች ዛሬም ብርቱ ናቸው። ከመክፈልዎ በፊት የእጅ ባትሪ በሌንሱ ውስጥ አብርተው ከሌላው ጎን ይመልከቱ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ሻጋታ ነው፣ ይተዉት። አንድ ፊደል ላይ ፎከስ አድርገው ሁለቱን ዓይን እየከፈቱና እየዘጉ ያነጻጽሩ፤ ምስሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከዘለለ ፕሪዝሙ ተናግቷል፣ ራስ ምታት ይሰጥዎታል። ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሽከርክሩ፤ ፎከሱ እንዳለ መቆየት አለበት። ቅባቱ ደርቆ ቢከብድ ግን አያስፈራም፤ ያ ይታደሳል።